ከዳተኛው ማን ነበር?

በ1954 እ.አ.አ. የተሠራውን የሚዞጉቺን የጃፓን ፊልም አይተን ስንወጣ ክርክር ተነሣ። ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር፤ ማን ማንን ከዳ? ግማሾቻችን ሎሌው ጌታውን ከዳ አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ባልየው ሚስቱን አልን። ገረዲቱን ግን ያነሣ አልነበረም። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታችን ነው።

ታሪኩ ከልብ ወለድ የመጣ አይደለም። በኪዮቶ ከተማ የቀን መቁጠሪያ አሳትሞ የማሰራጨት መብት የተሰጠው አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ነበረ። ሚስቱ ኦሳን፣ ከቤቱ ሎሌዎች አንዱ ሞሄይ፣ ገረዲቱ ታማ ይባላሉ። ኦሳንና ሞሄይ አብረው ኮበለሉ፤ ተያዙ፤ በ1683 እ.አ.አ. ከከተማይቱ በስተምሥራቅ ባለው መውጫ፣ አዋታጉቺ በሚባለው መቅጫ ቦታ ተሰቀሉ። ታማም አገናኝ ነበረች ተብላ አንገቷ ተቆረጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሳይካኩ ወሬውን መጽሐፍ ውስጥ አስገባው፤ በ1715 ደግሞ ቺካማትሱ ለአሻንጉሊት ቲያትር ጻፈው።

ሞሄይ ምን ዓይነት ሎሌ ነው? በዚያ ዘመን ድሀ ልጁን በ10 ወይም በ12 ዓመቱ ገደማ ለነጋዴ ቤት ይሰጣል። ልጁ ይጠርጋል፣ ይላላካል፣ ሌሊት ሌሊት ፊደልና ሒሳብ ይማራል። ደመወዝ የለም፤ ጉርስና ልብስ ነው። ጎርምሶ ጸሐፊ ሲሆንም ከጌታው ጣራ ሥር ያድራል፤ ሚስት ማግባት አይታሰብም። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ ጌታው ደግ ከሆነ፣ የሱቁን ስም አካፍሎ ያወጣዋል። እስከዚያ ድረስ ሆዱም፣ ተስፋውም፣ ፍቅሩም በጌታው እጅ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው "ከዳ" ሲባል ምን ያህል የራሱ የሆነ ነገር ነበረውና ነው?

ቺካማትሱ ነገሩን የሚጀምረው ከገንዘብ ነው፤ ይሄ ብልኅነቱ ነው። የኦሳን ወላጆች በዕዳ ተይዘዋል። ባሏን መጠየቅ አፍራ ሞሄይን ትለምነዋለች። እሱም በጌታው ማኅተም ሊበደርላት ሲል አብሮት የሚሠራው ሱኬሞን ያጋልጠዋል። (የሎሌ ጠላት ሎሌ መሆኑን ልብ ይሏል!) ታማ ሞሄይን ትወደዋለችና "እኔ ነኝ ያስቸገርኩት" ብላ ጥፋቱን በራሷ ላይ ታደርጋለች። ጌትየው ደግሞ ሌሊት ሌሊት ወደዚችው ልጅ መኝታ ይመላለሳል። ኦሳን ይህን ስትሰማ ባሏን እጅ ከፍንጅ ልትይዝ በታማ መኝታ ትተኛለች። በጨለማ የመጣው ግን ባሏ ሳይሆን ታማን ሊያመሰግን የመጣው ሞሄይ ነው። መብራት ሲበራ ሁለቱም ደነገጡ፤ ከዚያ በኋላ መሸሽ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሕጉን እንይ። ጌታ ከገረዱ ጋር ቢተኛ ወንጀል የለም፤ የቤቱ ጉዳይ ነው። ሚስት ከሌላ ወንድ ጋር ከተገኘች ግን ባል ሁለቱንም ቢገድል አይጠየቅም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚባለው እዚያ በየቤቱ ይሠራ ነበር። የሾጉኑ መንግሥት በ1742 ባወጣው ደንብ ከጌታው ሚስት ጋር የማገጠ ሎሌ በከተማ ዞሮ አንገቱ ተቆርጦ ጭንቅላቱ ለሕዝብ ይታያል፤ ሴትዮዋም ትሞታለች፤ ያገናኘውም ይሞታል። በሌላ በኩል እኩያ ለእኩያ ሲሆን ነገሩ በ7 ሪዮ ተኩል ወርቅ በስውር የሚታረቅበት ልማድ ነበር። ኧረ ለመሆኑ የሚቀጣው ፍቅሩ ነው ወይስ ከበታች ወደ ላይ መውጣቱ? በዚያ ሕግ ክህደት ከታች ወደ ላይ እንጂ ከላይ ወደ ታች አይፈስም። ጌታ ሎሌውን ሊከዳ የሚችልበት ቃል እንኳ የተፈጠረ አይመስልም።

ሳይካኩ የቀልድ ሰው ነው፤ እሱ ዘንድ ሁለቱ በቢዋ ሐይቅ የሰመጡ መስለው ያመልጣሉ፤ የሚያጋልጣቸውም አንድ ደረት ነት የሚባለውን ፍሬ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከእነሱ ጋር ምንም ጠብ የለው፤ ሲዘዋወር ያየውን እንደዋዛ ማውራቱ ነው።

ወደ ታማ እንመለስ። በቺካማትሱ ድርሰት አጎቷ ጌታ የሌለው ሳሙራይ ነው። የአገናኟን ራስ ይዞ ቢቀርብ ኦሳንና ሞሄይ ይማራሉ ብሎ አስቦ የእኅቱን ልጅ በገዛ እጁ ይገድላታል። ሹማምንቱ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ሁለቱ ንጹሕ መሆናቸውን ልትመሰክር የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች! በዚህ ስፍራ ስንደርስ ከመካከላችን አንዱ "ይሄማ በዛ" አለ። እኛ ግን አልበዛም እንላለን፤ በታሪክ የሞተችውም በዚሁ ክስ ነውና።

ቺካማትሱ መጨረሻውን ለውጦታል። ሁለቱ ወደ መቅጫው ሲወሰዱ አንድ መነኩሴ ደርሶ ልብሱን ይጥልባቸውና ከሞት ያድናቸዋል። ተመልካቹም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታማን ግን ደራሲው ቀደም ብሎ ገድሏታል፤ መነኩሴው ሲደርስ የሚያለብሳት አልነበረችም።