ዘጠና ቀን የሚጠብቅ መዝገብ፦ የሱሞ ፋንታሲና አዘጋጆቹ

ጥር 29 ቀን 2003 ዓ.ም. የጃፓን ሱሞ ማኅበር ሊቀመንበር በጋዜጠኞች ፊት ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። በመጋቢት ወር ኦሳካ ላይ ሊካሄድ የነበረው የ15 ቀን ውድድር መሰረዙንም አስታወቁ። ነገሩ የተጀመረው ፖሊስ በቤዝቦል ቁማር የጠረጠራቸውን ተፋላሚዎች ስልክ ሲመረምር ነው። ከስልኮቹ ውስጥ ሌላ ጉድ ወጣ፤ ማን ለማን በስንት ገንዘብ እንደሚወድቅ የተዋዋሉባቸው አጫጭር መልእክቶች። እ.ኤ.አ. ከ1946 ወዲህ አንድ መደበኛ የሱሞ ውድድር ሲሰረዝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ስረዛው የጎዳው ትኬት የቆረጡትን ብቻ አይደለም። ከጃፓን ውጭ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ፣ የሱሞ ክብ መድረክ ላይ እግራቸው ያልረገጠ፣ ብዙዎቹም አንድ ፍልሚያ በአካል ያላዩ ሰዎች በየሁለት ወሩ የግምት ጨዋታ ያዘጋጃሉ። ተጫዋቹ ተፋላሚዎቹን ይመርጣል፤ የመረጣቸው ሲያሸንፉ ነጥብ ያገኛል። ውድድር ከሌለ ጨዋታ የለም፤ አዘጋጁም መዝገቡን አጥፎ መቀመጥ ግድ ሆነበት። በግንቦት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሌላ ውድድር ሲሰረዝ ይኸው ዕጣ ተደገመ።

እንዲህ ያለው የግምት ጨዋታ ፋንታሲ ይባላል፤ እዚህ አገር ፋንታሲ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው የእንግሊዙን ፕሪሚየር ሊግ ነው። ጨዋታው ግን ከእንግሊዙ ሊግ ይልቅ በዕድሜ ይበልጣል፤ የተወለደውም አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዊልያም ጋምሰን የተባለ የሶሺዮሎጂ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በቤዝቦል ተጫዋቾች ውጤት ላይ የተመሠረተ የግምት ውድድር አቋቋመና «ሴሚናር» የሚል ጨዋ ስም አወጣለት። ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲዛወርም ይዞት ሄደ። እዚያ ሮበርት ስክላር የተባለ መምህር ተቀላቀለው፤ ስክላር ደግሞ ለተማሪው ለዳንኤል ኦክረንት ነገረው። በሌላ ወገን፣ የኦክላንድ ሬደርስ ቡድን ባለድርሻ የነበረው ቢል ዊንከንባክ እ.ኤ.አ. በ1962 ቡድኑን ተከትሎ ኒው ዮርክ ሆቴል ባረፈበት ሰሞን ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ተቀምጦ የአሜሪካ እግር ኳስ ፋንታሲን ደንብ ጻፈ። በተከታዩ ዓመት ነሐሴ ላይ 8 ባለቡድኖች በዊንከንባክ ምድር ቤት ተሰብስበው የመጀመሪያውን ምርጫ አደረጉ።

ኦክረንት የሰማውን ለዓመታት በልቡ ካቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 ኒው ዮርክ ላይ «ሮቲስሪ ሊግ» የተባለውን መሠረተ፤ ስሙ የመጣው ጓደኛሞቹ ምሳ ከሚበሉበት ምግብ ቤት ነው። ከአባላቱ በርከት ያሉት በኅትመት ዓለም የነበሩ ሰዎች ስለሆኑ ወሬው ቶሎ ተዛመተ። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1981 የቤዝቦል ተጫዋቾች አድማ መትተው ስፖርት ጸሐፊዎች የሚጽፉት ሲያጡ፣ ይህንኑ ጨዋታ ጻፉት። ኦክረንት ራሱ የፈጠረውን ሊግ አንድም ጊዜ አለማሸነፉ እስከ ዛሬ ያስቃል።

በዚያ ዘመን ሒሳቡ የሚሠራው በእጅ ነበር። ጋዜጣ ይገዛል፣ ውጤት ይቀዳል፣ ይደመራል። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ስማቸው የማይነሳው እነዚህ ደማሪዎች ናቸው፤ ለዚህ ጸሐፊ ግን ጨዋታውን ያቆሙት ከአሸናፊዎቹ ይልቅ እነሱ ይመስሉታል። ገማች በሞላበት ዓለም የሚጠፋው፣ የሌላውን ግምት ሳያዛባ የሚመዘግብ ሰው ነው።

ወደ ሱሞ እንመለስ። ለዚህ ጨዋታ ተብሎ የተሠራ የሚመስል ስፖርት ካለ ሱሞ ነው። በኳስ ፋንታሲ ጎል፣ ለጎል ያቀበለ፣ ቢጫ ካርድ፣ የተጫወተበት ደቂቃ ሁሉ ይቆጠራል። በሱሞ አንድ ሰው በቀን አንድ ጊዜ ይፋለማል፤ ወይ ያሸንፋል፣ ወይ ይሸነፋል። ጃፓኖች ድሉን በነጭ ክብ፣ ሽንፈቱን በጥቁር ክብ ይመዘግቡታል። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በዓመት 6 ታላላቅ ውድድሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 15 ቀን ይፈጃሉ። የላይኛው ምድብ 42 ተፋላሚዎች አሉት። ማንም ካልጎደለ በቀን 21፣ በአንድ ውድድር 315 ፍልሚያ ማለት ነው። አዘጋጁም በዓመት 90 ቀን፣ ቢያመውም ባይመቸውም፣ ውጤት ይጠብቃል።

የጨዋታው ሁሉ እምብርት «ባንዙኬ» የተባለው የማዕረግ ሰሌዳ ነው። በአናቱ ዮኮዙና፣ ከሥሩ ኦዜኪ፣ ሴኪዋኬና ኮሙሱቢ፣ ከዚያ በቁጥር የተደረደሩ ማኤጋሺራዎች ይሰፍሩበታል። እያንዳንዱ ደረጃ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ይከፈላል፤ ምሥራቁ ይበልጣል። ይህን ለዋግ ሰው ማስረዳት ከባድ አይሆንም። በዋግሹሞች አገር ቀኛዝማች ከግራዝማች በላይ መሆኑን፣ በግብር ላይም ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ምሥራቅ ዮኮዙናን ከምዕራብ ዮኮዙና ለመለየት ብዙ አይቸገርም። ልዩነቱ፣ እዚያ ማዕረግ በየሁለት ወሩ ይፈተናል። ከ15ቱ 8 ያሸነፈ በአብዛኛው ይወጣል፤ 7 ብቻ ያሸነፈ በአብዛኛው ይወርዳል። ፈጽሞ የማይወርደው ዮኮዙና ብቻ ነው፤ አልችልም ሲል ይሰናበታል።

ሰሌዳውን በብሩሽ የሚጽፉት ዳኞቹ ራሳቸው ናቸው። ማዕረጉን የሚመድበው ኮሚቴ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ባለው ረቡዕ ይወስናል፤ ሰሌዳው ግን ቀጣዩ ውድድር ሊጀመር በአብዛኛው 13 ቀን ገደማ ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት እስኪወጣ ድረስ በምስጢር ይያዛል። ምስጢር ባለበት ደግሞ ገማች አይጠፋም። ኢንተርኔት ለሕዝብ ከተዳረሰበት ጊዜ ወዲህ ከተስፋፉት የሱሞ ጨዋታዎች አንዱ ይህንኑ ሰሌዳ ቀድሞ መገመት ነው፤ 42ቱን ስም በየቦታው አሰልፎ መላክ። ሌላው ዓይነት በየቀኑ ከፍልሚያዎቹ አሸናፊ መምረጥ ነው። በአንዳንዶቹም ተጫዋቾቹ ለራሳቸው የሱሞ ስም አውጥተው፣ የራሳቸው ባንዙኬ ተሠርቶላቸው፣ 8 ሲያሸንፉ ይሾማሉ፤ ሳይሆንላቸው ሲቀር ይሻራሉ። ሽልማቱ ገንዘብ አይደለም፤ ማዕረግ ነው። ለማዕረጉ ሲሉ ከእንቅልፋቸው የሚነሱ ሰዎች አሉ።

አዘጋጁ ላይ የሚወድቀው ሸክም ከዚህ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ግጥሚያ ቀድሞ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማን ከማን እንደሚፋለም የሚወጣው ከዕለት ወደ ዕለት ነው። ስለዚህ በየቀኑ የሚመረጥበት ጨዋታ በየቀኑ ይከፈታል፣ በየቀኑም ይዘጋል። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ተፋልመው ካበቁ በኋላ የደረሰ ግምት ይቀበል? አንድ ደቂቃ ያሳለፈስ? እዚህ ላይ ይሉኝታ ያለው አዘጋጅ አይከበርም።

ቀጥሎ የሚቀረው ሰው አለ። አንድ ተፋላሚ ጉልበቱን ታሞ በጠዋት ከወጣ፣ ባላንጣው ብቻውን ወደ መድረኩ ይወጣል፤ ያለ ፍልሚያ ማሸነፉን የሚናገር ጨርቅ ይዘረጋል፤ ዳኛው ስሙን ይጠራል፤ ጎንበስ ብሎ ይወርዳል። ላብ የለም፣ ግፊያ የለም፤ በሱሞ ማኅበር መዝገብ ግን ድል ነው። በጨዋታውስ? ድል ነው የሚል ደንብ ከሌለ፣ ያንን ተፋላሚ የመረጠው ተጫዋች ይጮኻል፤ ድል ነው የሚል ካለ ደግሞ ታማሚውን የመረጠው ያለቅሳል።

በቅርቡ፣ በ2018 ዓ.ም. መስከረም የሆነው የበለጠ ያወዛግባል። የቶኪዮው ውድድር መስከረም 4 ተጀምሮ መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት ተጠናቀቀ። በመጨረሻው ቀን ሁለቱ ዮኮዙናዎች ተገናኙ። ሆሾሪዩ ኦኖሳቶን ጣለውና ሁለቱም 13 አሸንፈው በ2 ተሸንፈው እኩል ሆኑ። በደንቡ መሠረት ወዲያው የመለያ ፍልሚያ ተደረገ፤ አሁን ኦኖሳቶ ሆሾሪዩን ጥሎ ዋንጫውን ወሰደ። የመለያው ፍልሚያ ግን በ15 ቀኑ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ለዕለታዊ ገማች አሸናፊው ሆሾሪዩ ነው፤ ለሻምፒዮና ገማች ኦኖሳቶ። ይህን ውድድሩ ሳይጀመር በደንብ ያልጻፈ አዘጋጅ ያን ምሽት በስንት ሰው እንደሚሰደብ መገመት አያቅትም።

ሱሞ ገማችን ማዋረድም ይወዳል። በጥር 2012 ዓ.ም. ቶኩሾሪዩ የተባለው ተፋላሚ ከላይኛው ምድብ የመጨረሻ ደረጃ፣ ማኤጋሺራ 17 ላይ ተነስቶ፣ 14 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ታኬሩፉጂ በላይኛው ምድብ የመጀመሪያ ውድድሩ፣ በ14ኛው ቀን ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ፣ በማግስቱ ተነስቶ ዋንጫ በላ። እንደዚያ ያለ አዲስ ገብ አሸናፊ ሲታይ ከ110 ዓመት በኋላ ነበር።

አፍሪካም በዚህ መዝገብ ውስጥ ስም አላት። ኦሱናአራሺ በሚል የሱሞ ስም የተፋለመው ግብፃዊው አብደልራህማን ሻላን ከአህጉሩ የወጣ የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል ነው። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. የረመዳን ጾም ከውድድሩ ጋር ገጥሞበት ቀኑን ሙሉ እህልም ውኃም ሳይቀምስ እየተፋለመ በሁለተኛው ምድብ 10 አሸነፈ፤ በኅዳር 2006 ወደ ላይኛው ገባ። በተከታዩ ሐምሌ በሁለት ተከታታይ ቀናት ሁለት ዮኮዙናዎችን ጣለ። በእነዚያ ሁለት ቀናት እሱን የመረጠ ገማች ምን ያህል እንደተንጠራራ ማሰብ ነው። በ2010 ዓ.ም. ተፋላሚዎች መኪና እንዳያሽከረክሩ የተጣለውን እገዳ ጥሶ፣ ያውም ያለ መንጃ ፈቃድ፣ በመገኘቱ ተሰናበተ።

ኢትዮጵያና ጃፓን በስፖርት ሲነሱ ቀድሞ የሚመጣው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ የወሰዱበት ቀን። ከዚያ በፊት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ሱሞ ግን ከእነዚህ ሁለት መንገዶች በአንዱም እኛ ዘንድ አልደረሰም። የደረሰው የፋንታሲ ልማዱ ነው፤ እሱም በእንግሊዝ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በተጀመረው የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ።

ዛሬ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት ምን እንደሚመስሉ የሚያውቅ ያውቃል። ዴድላይኑ የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ በክረምታቸው በአብዛኛው በእኛ 8 ሰዓት። ካፒቴኑ ማን ይሁን፣ ማን ይሸጥ፣ ማን ተጎዳ፤ ከምሳ ጋር የሚላመጠው ይኸው ነው። ነጥቡን ኮምፒዩተሩ ስለሚደምረው የሰው ደማሪ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ባልደረቦች ዓመቱን ለመወራረድ ገንዘብ ሲያዋጡ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሆናል። ጨዋታው ወደ ቁማር የሚያዘነብለውም በዚያች ጠባብ በር ነው። የሱሞ ማኅበር በ2003 የደረሰበትን ያየ፣ ሽልማቱን ማዕረግ ብቻ ያደረጉት አዘጋጆች ልክ ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

እንግዲህ አንድ የዋግ፣ የሰቆጣ ወይም የሰሃላ ወጣት የሱሞ ፋንታሲ ላዘጋጅ ቢል? ሰዓቱ ይመቸዋል። ጃፓን በ6 ሰዓት ትቀድመናለች፤ የእኛ የሰዓት አጠራር ደግሞ ከዓለሙ በ6 ይለያል። ውጤቱ፣ የሁለቱ አገር የግድግዳ ሰዓት አንድ ቁጥር ያሳያል። ቶኪዮ ላይ የመጨረሻው ፍልሚያ የሚያበቃው በእነሱ አጠራር የማታው 6 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው፤ ሰቆጣ ላይም እኩለ ቀን፣ 6 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። ውጤቱን ከምሳ በፊት ይጽፋል። የቀኑ አቆጣጠርም አይከፋም፤ ውድድሮቹ በጥር፣ በመጋቢት፣ በግንቦት፣ በሐምሌ፣ በመስከረምና በኅዳር ናቸው። የጥሩ ከጥምቀት ሰሞን ጋር ይገጥማል፤ ነሐሴ ውድድር ስለሌለበት ከ16 ጀምሮ የሚከበረውን የሻደይን በዓል አይነካም።

የማይመቸው መስመሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ፤ ግምት በየቀኑ የሚላክበት ጨዋታ በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ሳምንት አይቆምም። ሰሌዳው ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚዘጋው፣ ሰሌዳ የመገመቱ ዓይነት ግን በወረቀትም ይሠራል። ስሞቹ ይጻፋሉ፣ ወረቀቱ ለአንድ ታማኝ ሰው ይሰጣል፤ ውጤቱ መቼም ቢሰማ መደመር ይቻላል። ዊንከንባክና ባልንጀሮቹ የጀመሩትም በወረቀት ነው።

ደግሞስ ለምን ሱሞ ብቻ? ትግል በዋግም ሆነ በሌላው ገጠር የእረኛ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ጨዋታ ነው፤ ከገና፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር በባህል ስፖርት ፌዴሬሽኑ አገር አቀፍ ውድድር ውስጥ ቦታ አለው። የክልሎች ተፋላሚዎች ስም ውድድሩ ሳይጀመር ታትሞ ቢወጣ፣ የየዕለቱ ውጤትም በዚያው ማታ ቢነገር፣ ጨዋታው የሚፈልገው ጥሬ ዕቃ ተሟላ ማለት ነው። የሚቀረው ግምቶቹን በሰዓቱ የሚዘጋ፣ ዘመዱ ቢሸነፍም ነጥቡን የማይነካ አንድ መዝጋቢ ነው።