የስካንክ ቆዳ ንግድና ኮሎምበስ

በአሜሪካ የኦሃዮ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ የሆነችው ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1812 በሳዮቶና በኦለንታንጂ ወንዞች መገናኛ ስትቆረቆር ዙሪያዋ በአብዛኛው ደን ነበር። ሰፋሪዎች ደኑን መንጥረው እርሻ ሲያደርጉት ድብና ተኩላ ከአካባቢው ቢጠፉም፣ ድመት የሚያህለውና ከአናቱ እስከ ጅራቱ ነጭ ሰንበር የተሰመረበት ጥቁሩ ስካንክ ግን፣ በሌሊት አፈር እየጫረ ጢንዚዛ፣ ዕጭና አይጥ የሚበላ በመሆኑ፣ የእርሻው ዳርና የጎተራው ሥር ተስማማው። ስካንክ ለረጅም ጊዜ ሚንክ የተባለው ፀጉራም እንስሳ ከሚገኝበት ቤተሰብ ሲመደብ ቆይቶ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ተደርጎ የተለየው የዘረመል ጥናት ከተስፋፋ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ነው።

ስካንክ የሚታወቀው በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ዕጢዎች በሚያጠራቅመው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ታዮል የሚባሉ፣ ድኝ ያለባቸው ውህዶች ስላሉት እጅግ ይከረፋል፣ ሦስት ሜትር ያህልም ሊረጭ ይችላል። ይሁን እንጂ የተረጨውን ለመተካት ቀናት ስለሚፈጅበት እንስሳው በከንቱ አያባክነውም፤ በቅድሚያ መሬቱን በእግሩ ይደበድባል፣ ጅራቱን ያቆማል፣ ነጩን ሰንበርም የቀመሰው ሁሉ ስለማይረሳው ብዙ አዳኝ አይቶት ዘወር ይላል። የኢትዮጵያ ጥርኝ ዝባዱ ለሽቶ ሲፈለግ ኖሯል፤ ከስካንክ የተፈለገው ግን ቆዳው ነው።

ቆዳው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ ለካፖርትና ለአንገት ልብስ በብዛት ሲገዛ፣ ነጩ ፀጉር ተቆርጦ መውጣት ወይም መቀለም ስለነበረበት ነጋዴዎች ደረጃውን የሚያወጡት በሰንበሩ ስፋት ነበር፤ ጥቁሩ ከፍተኛውን ዋጋ ሲያገኝ ሰፊ ሰንበር ያለው ዝቅተኛውን ያገኛል። በዚህ ዘመን ኤ. አር. ሃርዲንግ የተባለ የኦሃዮ ሰው ለአጥማጆችና ለቆዳ ነጋዴዎች የሚሆን መጽሔት ጀመረ፤ የኅትመት ሥራውንም ወደ ኮሎምበስ አዛውሮ በ1909 ስለ ፀጉራም እንስሳት እርባታ ባሳተመው መጽሐፍ ለስካንክ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጠ። ኮሎምበስም በዚህ ምክንያት ገበሬውና ልጆቹ በክረምት ወጥመድ እየዘረጉ የሚያገኙት የጎን ገቢ የኅትመት መዲና ሆነች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አርቢዎች ጥቁር ግልገል ለማግኘት ጥቁሩን ከጥቁር ጋር ማዳቀላቸው ለገበያው ትክክል ቢሆንም፣ በተፈጥሮ በኩል ሲታይ ያጠፉ የነበረው እንስሳውን ከጠብ የሚያድነውን ምልክት ራሱን ነው። እርባታው ግን ብዙ አልዘለቀም፤ ፋሽኑም ተለወጠ። ቆዳው የስካንክ ስም ተደብቆ «የአላስካ ሴብል» እየተባለ ይሸጥ ስለነበር፣ ሻጮች የእንስሳውን እውነተኛ ስም እንዲጽፉ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ በ1951 ሲወጣ የቀረውም ገዢ የሚለብሰው ምን እንደሆነ አወቀ። ስካንኩ ዛሬም በከተማዋ ዳርቻ በረንዳ ሥር ይጎለታል፣ ዕጭ ፍለጋ ሣሩን ይቆፍራል፤ ሰንበሩ አዳኝን ቢመልስም መኪና አይመልስለትምና፣ ወንዶቹ እንስት ፍለጋ በሚዞሩባቸው በየካቲትና በመጋቢት ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይገጫሉ።