ድምፅ እንጀራ ሲሆን

የድምፅ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ያለ ዘፈን መምህር አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1854 ስፔናዊው የዘፈን መምህር ማኑኤል ጋርሲያ በትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን የድምፅ አውታሮች ሲንቀሳቀሱ አየ። በ1974 ጃፓናዊው ኖቡሂኮ ኢሺኪ የማንቁርትን ልም አጥንቶች አቀራርቦ በመስፋት አውታሩን የሚወጥርበትን ዘዴ አሳተመ። በ1980ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ጀርመናዊው ዩርገን ቬንድለር በአፍ በኩል ገብቶ የአውታሮቹን የፊት ጫፍ ሰፋ፤ የሚርገበገበው ክፍል ሲያጥር ድምፅ ይቀጥናል። ዛሬ ብዙ ትራንስጀንደር ሴቶች የሚመርጡት ይህንኑ ነው። ሁለቱም ዘዴዎች ድምፅን ያቀጥናሉ እንጂ አነጋገርን አያስተምሩም፤ ስለዚህ በአንደበቱ የሚያድር ሰው ዕቅዱን ከሥራው መጀመር አለበት።

«ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ከባዱ ጊዜ ግን ከስፌቱ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሹክሹክታን ጭምር ይከለክላሉ፤ ድምፁ እስኪረጋም ወራት ያልፋሉ። ጉልበቱም ሊቀንስ ይችላል፤ የኋላ ወንበር ድረስ መሰማት ላለባት መምህርት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «የድምፅ ልምምድ ይበቃል» የሚሉም እውነት አላቸው፤ ለብዙዎች ይበቃል፣ መቅደምም አለበት። በሳልና በሳቅ መካከል የቀድሞው ድምፅ ድንገት ሲወጣ የሚያስጨንቃት ሴት ግን ከልምምድ በላይ ብትሻ አይፈረድባትም። ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ግን ያለ ድምፅ የሚያልፉትን የሥራ ቀናት ይቁጠሩ።