ሰማያዊው ቅርፊት፦ ከለንደን እስከ ውርጌሳ ጉድጓድ

እ.ኤ.አ. 1862 ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ የጻፉበት ዓመት ነው። መልስ ያጣው ደብዳቤ መጨረሻው መቅደላ ላይ ምን እንደሆነ የወሎ ሰው አይነገረውም። በዚያው ዓመት እዚያው ለንደን ሌላ ነገር ሆነ፤ ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። የለንደን ሲቲ የጤና ሹም የነበረው ሄንሪ ሌትቢ አሲድ ውስጥ በሟሟ አኒሊን ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍ፣ በፕላቲኒየሙ ላይ ሰማያዊ ቅርፊት ተለጠፈ። ዛሬ ፖሊአኒሊን የምንለው ነው። የመጀመሪያው ፖሊመር የለበሰ ኤሌክትሮድ በጤና ሹም እጅ መሠራቱ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተኛ። በ1967 ቶኪዮ፣ በሂደኪ ሺራካዋ ቤተ ሙከራ፣ አንድ እንግዳ ተመራማሪ ማፋጠኛውን ኬሚካል ከልኩ ሺህ እጥፍ ጨመረው። እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ወጣ። ሺራካዋ አልጣለውም። በኋላ ከማክዲያርሚድና ከሂገር ጋር አሜሪካ ውስጥ አዮዲን ሲያስነኩት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በሚሊዮኖች እጥፍ ዘለለ። ውጤቱ በ1977 ታተመ፤ በ2000 ሦስቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ይህ ከውኃ ጋር ምን አገናኘው? የስኳር ሕመምተኛ ጣቱን ወግቶ ደሙን የሚያነብበትን ትንሽ መሣሪያ አስቡ። እሱም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ለውኃ ደግሞ የካርበን ዘንግ ፖሊመር በሚሆነው ፈሳሽ ውስጥ ይነከርና ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይደረጋል፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ስስ ሽፋን ይደረብበታል። ሽፋኑ ለምሳሌ እርሳስን እንዲስብ ሆኖ ከተሠራ፣ ውኃው ውስጥ የተበተነውን እርሳስ ላዩ ላይ ይሰበስባል። ቀጥሎ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ሲጨምር እርሳሱ በራሱ ቮልቴጅ ላይ ተላቆ ይሟሟል፤ የሚፈጥረው ጅረት ከፍታ መጠኑን ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ይህን ያህሉን ምላስም ዓይንም አይለየውም።

ኢትዮጵያውያን በዚህ ሙያ ጀማሪ አይደሉም። መዓረግ አማረና ሽመልስ አድማሴ በ2012 ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ፖሊመር በለበሰ የካርበን ኤሌክትሮድ ለክተው ታላንታ በተሰኘው ዓለም አቀፍ መጽሔት አሳትመዋል። ታዲያ ቡናን ያነበበ እጅ የጉድጓድ ውኃን ለማንበብ ምን ያግደዋል?

መልሱ ያለው በሌላ ኤሌክትሮድ ታሪክ ውስጥ ይመስላል። በ1966 ኦሪዮን በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩት ፍራንትና ሮስ ፍሎራይድን ብቻ የሚለይ የክሪስታል ኤሌክትሮድ ሠሩ። ፖሊመር አይደለም፤ ግን ከፋብሪካ በሳጥን ታሽጎ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ስለዚህም የስምጥ ሸለቆው የፍሎራይድ ጉዳይ፣ የወንጂ ልጆችን ጥርስ ያበለዘው፣ በቁጥር ሊነገር ቻለ። የፖሊመሩ ኤሌክትሮድ ግን ሳጥን አላገኘም። እርግጥ ለተመራማሪዎቹም መፍረድ ይገባል፤ ዘንጉ ለአዲስ ሥራ በዱቄት በእጅ መወልወል አለበት፣ ደለልና ብስባሽ ያለበት የወንዝ ውኃም ሽፋኑን ይደፍነዋል። ቢሆንም የመምህር ዕድገት የሚቆጠረው በኅትመት እንጂ ጉድጓድ ዳር በሠራ መሣሪያ አለመሆኑ ከዱቄቱ የባሰ እንቅፋት ነው።

ውርጌሳን እንውሰድ። ከውጫሌ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሐብሩ ከተማ ናት። በቆቦ–ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ እየተሳበ መስኖ ይለማል፤ ማሳው ዩሪያና ፀረ ተባይ ይጠጣል። ከዩሪያ የሚመጣው ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም፤ ወሰኑ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፣ ካለፈ ቀድሞ የሚጎዳው በጡጦ የሚያድገውን ሕፃን ነው። እዚያው መንገድ ላይ፣ ከመርሳ በላይ፣ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ክፉኛ የተዘረፈ ተቋም ነው። ለተዘረፈው ምትክ ሲገዛ ከትላልቆቹ ማሽኖች ጎን በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሮድ ማንበቢያ ቢካተት ዋጋው ከትልቁ ማሽን ጋር አይወዳደርም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራው የኬሚስትሪ ተማሪም በተጣራ ውኃ ላይ እርሳስ ጨምሮ መልሶ ከሚለካ፣ ጀሪካኑን ይዞ ሐብሩ ይውረድ።