ጀርባ የሌለው ጎዳና፦ የግርማ በርታ «ተንቀሳቃሽ ጥላዎች»

የጎዳና ፎቶግራፍ፣ ማለትም በአደባባይ የሚያልፈውን ሕይወት ሳያዘጋጁና ተነሺውን ሳያስቆሙ የማንሳት ዘርፍ፣ ሰውን ከነአካባቢው በማሳየት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ የተወለደውና ሙያውን በራሱ ጥረት የተማረው ግርማ በርታ ግን «ተንቀሳቃሽ ጥላዎች» በተባለው ተከታታይ ሥራው ሰውን ከአካባቢው ይለያል፤ በከተማዋ መንገዶች ሸክም ተሸክመው፣ ሸቀጥ እያዞሩ ወይም ወደ ጉዳያቸው እየተጣደፉ የሚያልፉትን በአይፎን ካነሳ በኋላ፣ ግድግዳውንና አስፋልቱን በዲጂታል ቅንብር አስወግዶ ሰውየውን ከነጥላው በአንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ያሳርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ለፎቶግራፍ ባለሙያዎች ከሰጡት የገንዘብ ድጋፍ ተሸላሚዎች አንዱ ሆኗል።

አሠራሩ ላይ ላዩን ሲታይ ጌጥ ሊመስል ይችላል፤ ኢትዮጵያውያን በፎቶግራፍ ከታዩበት ታሪክ አንጻር ሲመረመር ግን ክብደቱ ይጨምራል። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወዲህ በዓለም የተሠራጩት ምስሎች ተመልካቹን አንድ ዓይነት ንባብ አስለምደውታል፤ ደረቅ መሬት ወይም የዛገ ቆርቆሮ ከጀርባ ከታየ፣ ከፊት ያለው ሰው ሙያው ምንም ይሁን ምን፣ አስቀድሞ የችግር ምሳሌ ይደረጋል። ግርማ የሚያስወግደው ይህን አስቀድሞ የተነበበ ጀርባ ነው። ዓይን ሌላ ማረፊያ ስለሚያጣ፣ ሸክም አንገትን እንዴት እንደሚያዘነብል፣ እግር ክብደቱን እንዴት እንደሚያመዛዝን፣ ልብስ ከእርምጃ ጋር እንዴት እንደሚወዛወዝ ለማስተዋል ይገደዳል፤ የዕለት ሥራ ብልሃት የሚጠይቅ መሆኑ በግልጽ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው።

ሠርቶ አዳሪን ከሥራ ቦታው ነጥሎ ማሳየት አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኢርቪንግ ፔን እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951 በፓሪስ፣ በለንደንና በኒው ዮርክ ባለሙያዎችን ከነሥራ ልብሳቸውና ከነመሣሪያቸው ስቱዲዮ አስገብቶ በገለልተኛ መጋረጃ ፊት አንስቷቸዋል። የፔን ሰዎች ግን መነሳታቸውን አውቀው፣ ራሳቸውን አሰናድተው የቆሙ ናቸው፤ የግርማ ሰዎች በአንጻሩ እርምጃቸውን አላቋረጡም። በፔን ዘንድ መለየቱ ከመነሳት በፊት፣ በግርማ ዘንድ ከመነሳት በኋላ በመሆኑ፣ የኋለኛው የስቱዲዮን ጥራት ከጎዳና ድንገተኛነት ጋር ለማጣመር ችሏል። የእጅ ስልክም በሰው እጅ ሁሉ የሚገኝ በመሆኑ እንደ ትልቅ ካሜራ ዓይን አይስብም፤ ያው ጠቀሜታ ግን ሳያውቁ የተነሱ ሰዎችን የፈቃድ ጥያቄ ይበልጥ ያጠነክረዋል።

ከተወገደው ከተማ የቀረው ብቸኛ ምልክት ጥላው ነው። የጥላው ርዝመትና አቅጣጫ የፀሐይን ከፍታ ስለሚጠቁም፣ ቀለሙ ምንም ያህል ሰው ሠራሽ ቢሆን፣ ሰውየው በእውነተኛ ቀን በእውነተኛ መሬት ላይ መራመዱን ይመሰክራል። ጥላው ቢወገድ ኖሮ ምስሉ ከመጽሔት ላይ ተቆርጦ ከተለጠፈ ሥዕል ባልተለየ ነበር።

የአሠራሩ ኪሳራም ቀላል አይደለም። ሌላው ፎቶግራፍ አንሺ ሚካኤል ጸጋዬ በመፍረስ ላይ ያሉ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮችን ሲያነሳ ፍርስራሹንና አጥሩን የምስሉ ዋና ጉዳይ አድርጓቸዋል፤ መንደር በሚፈርስባት ከተማ ፎቶግራፍ የማኅደርነት ድርሻም አለውና። የግርማ ምስሎች ይህን ድርሻ ይተዋሉ፤ በተራ ቁጥር ብቻ ስለሚለዩም፣ ነገ የሚያያቸው ተመራማሪ ሰውየው በመርካቶ ይሁን በፒያሳ ያለፈው ከምስሉ ሊያገኝ አይችልም። ሰፈሩና ቀኑ በአጭር መግለጫ ቢሰፍሩ የቀለሙ ኃይል ምንም ሳይቀነስ ይህን ክፍተት በከፊል መሙላት ይቻላል።