የሚማር ሮቦት ምርጫ፦ ለመጀመሪያ ዲግሪ ኮርስ ምን ይሻላል?

ለሮቦቲክስና ማሽን ለርኒንግ ኮርስ ሮቦት ሲመረጥ ቀድሞ የሚነሳው የዋጋና የአቅም ጉዳይ ነው። ካሜራው ምን ያህል ጥሩ ነው? ክንድ አለው ወይ? ሰው ይመስላል ወይ? በእኔ እምነት ከእነዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ተማሪው በአንድ ሴሚስተር ስንት ሙከራ ሊሠራበት ይችላል? ሮቦት የሚማረው ከሙከራ ነውና።

ተመራማሪዎቹ ዳሪዮ ፍሎሬያኖና ፍራንቼስኮ ሞንዳዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ሥራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የተጠቀሙበት ኬፔራ በስዊዘርላንድ የተሠራ፣ ስፋቱ 55 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ጎማና ስምንት የኢንፍራሬድ ሴንሰር ያለው ሮቦት ነበር። ግድግዳ ሳይነካ መሄድን በጀነቲክ አልጎሪዝም እንዲማር አደረጉት። 80 ኒውራል ኔትወርኮች በየተራ ሲፈተኑ አንዱ ትውልድ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅ ነበር፤ መቶ ትውልድ ከ60 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ይህን ያህል መዝለቅ የቻለው ኃይል የሚያገኘው ከላይ በተንጠለጠለ ገመድ ስለነበር ነው፤ ገመዱ እንዳይጠማዘዝም የሚሽከረከር ማገናኛ ተበጅቶለት ነበር። ዛሬ በብዙ ክፍሎች የሚታየው ተርትልቦት 3 በርገር ግን በአንድ ቻርጅ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

ከዚያ ሙከራ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ሌላ ውጤት ነው። ኬፔራ ክብ ነው፤ ወደየትኛውም አቅጣጫ መሄድ ይችላል። ስድስቱ ሴንሰሮች በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በሌላው ናቸው። የትኛው ፊቱ እንደሆነ ማንም አልነገረውም፤ እሱ ግን ሴንሰር ወደሚበዛበት ወገን መሄድን መረጠ። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ የሮቦቱ አካል ራሱ የትምህርቱ አካል እንደሆነ ይገባዋል።

ሲሙሌሽን ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው። የኬፔራ ዓይነት የኢንፍራሬድ ሴንሰር የሚለካው ርቀትን ሳይሆን ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ነጭ ወረቀትና ጥቁር ጫማ በእኩል ርቀት ቢቀመጡ ቁጥሩ ይለያያል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባም ይዛባል። ተማሪው እነዚያን ስምንት ቁጥሮች ስክሪን ላይ ሲዋዥቁ ማየት አለበት። የሴንሰሩን ጥሬ ቁጥር ደብቆ «ወደፊት ሂድ» የሚል ትእዛዝ ብቻ የሚቀበል ሮቦት ለዚህ ኮርስ አይሆንም።

ዕድሜም ይታሰብ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣውን አይቦ የተባለ የሮቦት ውሻ በ2006 አቆመ፤ ሌጎም ማይንድስቶርምስ የተባለውን የሮቦት መገጣጠሚያ በ2022 መጨረሻ አቋርጧል። ኮርሱ ግን ይቀጥላል። በሎዛን ለትምህርት ተብሎ የተሠራው ኢ-ፑክ ንድፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የተበላሸውን መጠገን ይቻላል። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሬ ለሚገዙት የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ኮርስ ኢ-ፑክን የመሰለ ትንሽ የጠረጴዛ ሮቦት ይሻላል፤ ተርትልቦት ካርታ መሥራት ለሚጀምሩ ከፍ ላሉ ተማሪዎች ይቆይ። ሰው መሰል ሮቦት ለጉብኝት ቀን ያምራል፤ የሴሚስተር ሙከራ ግን አይሸከምም። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ የግዢ ውሉ ከመፈረሙ በፊት አንድ ናሙና አስመጡና ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ እንዲሠራ አድርጉት።