በፌስታል የመጣ አፈር

ለሽርሽር የወጣ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል? እኛ ከዝዋይ ስንመለስ ዓሣ እንይዛለን። ባዝል የሚገኘው የስዊዙ ሳንዶዝ መድኃኒት ኩባንያ ሠራተኞች ግን ፌስታል ይዘው ይሄዱና አፈር ሞልተው ይመጡ ነበር። (ሚስቶቻቸው ምን ይሉ እንደነበር አትጠይቁን።) በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሃንስ ፔተር ፍራይ የተባለ ሠራተኛ ከኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ አምባ ባመጣው አፈር ውስጥ አንዲት ሻጋታ ተገኘች።

ሳንዶዞች የሚፈልጉት ሌላ ሻጋታ የሚገድል መድኃኒት ነበር። ከዚህችኛዋ የወጣው ንጥረ ነገር በዚያ ሙያው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ደግነቱ ሃርትማን ሽቴሄሊን የተባለ ሐኪም አንድ ናሙና በብዙ ፈተና እንዲያልፍ የሚያደርግ አሠራር ዘርግቶ ነበር። በጥር 1972 መጨረሻ ዣን ፍራንሷ ቦሬል በሚመራው ላቦራቶሪ አይጦች ላይ ሲሞከር የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ እንደ ቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ግን ሕዋሳቱን አይፈጅም። ሳይክሎስፖሪን የምንለው ይኸው ነው።

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ትልቁ ጠላቱ የራሱ ሰውነት ነው፤ ባዕዱን ኩላሊት «ውጣልኝ» ይለዋል። ስለዚህ ግኝቱ ዕልል የሚያሰኝ ነበር። ሳንዶዝ ግን ገበያው አነስተኛ መስሎት ነገሩን ሊተወው ምንም አልቀረውም። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ከሆድ ወደ ደም አልገባ አለ። ቦሬል በአልኮል አሟሟውና ራሱ ጠጣው፤ ሞቅ አለው፣ ደሙ ውስጥም ተገኘ! በ1978 ሮይ ካልን ካምብሪጅ ላይ ለታማሚዎች ሰጠ፣ በ1983 አሜሪካ ፈቀደችው። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ንቅለ ተከላ ሲጀመር ታክሮሊመስ የተባለ ታናሽ ወንድሙ ቦታውን በብዛት ወስዶበት ነበር። እሱም ከአፈር የመጣ ነው።

ሽቴሄሊንና ቦሬል በኋላ «ማን አገኘው?» በሚል ተቃቃሩ። እኛ ለሽቴሄሊን እናደላለን። ያ አሠራር ባይኖር አይጦቹ ጋ የሚደርስ ነገር አልነበረምና።

ሳይክሎስፖሪን 11 አሚኖ አሲዶች ክብ ሠርተው የተያያዙበት ፔፕታይድ ነው። ተራ ፔፕታይድ ሆድ ውስጥ እንደ ሹራብ ክር ጫፉ ተይዞ ይተረተራል፤ ቀለበት ግን ጫፍ የለውም። ሳይንቲስቶች ይህን ካዩ በኋላ ቀለበቶቹን ራሳቸው ይሠሩ ጀመር። የቶኪዮው ሂሮአኪ ሱጋ ዘዴ ከቢሊዮን አልፎ ትሪሊዮን ዓይነት ቀለበት በአንዲት ብልቃጥ ያዘጋጃል፤ እያንዳንዱ ማንነቱን የሚናገር አር ኤን ኤ እንደ መታወቂያ ተንጠልጥሎበታል። በሽታ አምጪው ፕሮቲን ይቀርብላቸዋል፣ ያልተጣበቀው ታጥቦ ይደፋል፣ የቀረው መታወቂያው ይነበባል። ከዚህ መሰል ፍለጋ የተነሳው የሜርክ ኤንሊሲታይድ የተባለ ክኒን ኮሌስትሮልን በእጅጉ እንደሚቀንስ በ2025 ተዘግቧል።

ፌስታሉ ቀረ ማለት ነው? እኛ ግን አንድ ነገር ይከነክነናል። በብልቃጡ ፍለጋ መጀመሪያ ፕሮቲኑን ማወቅ ግድ ነው። ሳይክሎስፖሪን ሰውነት ውስጥ የሚጣበቅበት ሳይክሎፊሊን የታወቀው በ1984 ነው፤ መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ከዓመት በኋላ። በ1972 ብልቃጡ ቢኖር ኖሮ እንኳ ምን ይጨምሩበት ነበር? አይጦቹ ግን ስሙን ሳያውቁት መልሰዋል።